ባቡር የማይቆምባቸው ጣቢያዎች፦ ከኦስሎ ቬስትባነን እስከ ለገሃር

ኦስሎ ሴንትሩም ውስጥ ሁለት አሮጌ የባቡር ጣቢያዎች አሉ። አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ በኩል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በምሥራቁ ጣቢያ አሮጌ አዳራሽ ዛሬ ሰው ምሳ ይበላበታል፣ ይገበያይበታል። ባቡሮቹ ከጎኑ ወደ ተሠራው አዲሱ ማዕከላዊ ጣቢያ ተዛውረዋል። የምዕራቡ ደግሞ ሙዚየም ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱንም ለማየት የወጣሁት ድሬዳዋ ከዚራ ተወልደው ካደጉ አንድ አዛውንት ጋር ነበር። አባታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ሥራ ላይ ነው። እኔ ሙዚየም ለማየት ስወጣ እሳቸው የወጡት ጣቢያ ለማየት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ከደረስን በኋላ ነው።

የተቀጣጠርነው በምሥራቁ ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ፣ ከነሐሱ ነብር አጠገብ ነበር። አራት ሜትር ተኩል የሚረዝመው ይህ የእስያ ነብር ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2000 ኦስሎ ሺህኛ ዓመቷን ስታከብር የቆመ ነው። የከተማው ሰው በቀጠሮ የሚገናኘው እዚያ ነው፤ የእኛም አገር ሰው እንዲሁ። አዛውንቱ ነብሩን ዞረው አዩትና «እኛ አንበሳ፣ እነሱ ነብር» አሉ። ወደዚያ አንበሳ ኋላ እመለሳለሁ።

ኖርዌይ የመጀመሪያውን የባቡር መስመር የከፈተችው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1854 ነው። መስመሩ ከዋና ከተማዋ፣ ያኔ ክርስቲያኒያ ከምትባለው ከዛሬዋ ኦስሎ፣ ተነሥቶ ኤይድስቮል ድረስ 68 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ሥራውን የመራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰን ነው። የምሥራቁ ጣቢያ የተወለደው ያኔ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1872፣ ወደ ድራመን የሚሄደው ሌላ መስመር ተከፈተና በከተማዋ ምዕራብ በወደቡ ዳር ሁለተኛ ጣቢያ ቆመ። ቬስትባነን ይሉታል፤ የምዕራብ ባቡር ማለት ነው። ንድፉን የሠራው ጌኦርግ አንድሬያስ ቡል የታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች የኡለ ቡል ወንድም ነው። የምሥራቁን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1882 እንደገና ያነጸውም እሱ ስለሆነ የሁለቱም በር የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ግን ከመቶ ዓመት በላይ በመንገደኛ ባቡር አልተገናኙም። ከምሥራቅ መጥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ከተማውን ማቋረጥ ነበረበት። የከተማው ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ያ ዋሻ ቬስትባነንን ከሥራ ውጪ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጨረሻው ባቡር ወጣለት።

ከነብሩ ተነሥተን በካርል ዮሃን ጎዳና ወደ ምዕራብ ወረድን። ፊት ለፊቱን ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ሆኖ ላየው ቬስትባነን ደስ የሚል ቤት ነው፤ ሁለት ማማ፣ ቅስት በሮች፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ግድግዳ። አዛውንቱ ግን ፊት ለፊቱን ብዙም አላዩትም። ወዲያው ወደ ጓሮ ዞሩ። «ሐዲዱ የት ነበር?» አሉኝ። የጣቢያ ልጅ ጣቢያን የሚያየው ከሐዲዱ በኩል ነው። ሐዲዱ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2022 የተከፈተው የኖርዌይ ብሔራዊ ሙዚየም ተንጣልሎ ተቀምጧል። ከኖርዲክ አገሮች ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሆን 6 ሺህ 500 ያህል ሥራዎችን ለዕይታ ያቀርባል። አዛውንቱ የድንጋዩን ግንብ ዳር ዳሩን ሄደው «እኛ ጋ ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩ ነው የጠፋው። እነሱ ጋ ባቡሩ አለ፣ ሐዲዱን አነሡት» አሉ።

በጣቢያው ቤት ውስጥ ያለው የኖቤል የሰላም ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2005፣ ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራት ኅብረት በፈረሰ በመቶኛ ዓመቱ፣ ንጉሥ ሃራልድ አምስተኛ መርቀው ከፈቱት። የውስጡን ንድፍ የሠራው ከጋና ወላጆች የተወለደው ዴቪድ አጃዬ ነው። ሥራው የሰላም ሽልማትንና የተሸላሚዎችን ታሪክ መናገር ነው፤ የባቡር ጉዳይ ከድርሻው ውጪ ነው፣ ስለዚህም በባቡር ጉዳይ ልጠይቀው አልችልም። ነገር ግን አንድ ቤት ሁለት ታሪክ ሲኖረው የትኛው ይነገራል የሚለው ጥያቄ እዚያ በር ላይ ያዘኝ፤ እስከ አሁንም አለቀቀኝም። በ117 ዓመት ውስጥ በዚህ በር ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ። ለምልምል ወታደርነት የሄደ፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ፣ ሙሽራ ይዞ የተመለሰ። ቤቱ ተጠብቆ ቆሟል። የእነሱ ነገር ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል።

የት ሄደ? ሐማር። ከኦስሎ በስተ ሰሜን፣ ምዮሳ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። የኖርዌይ የባቡር ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን በዓለም ካሉት የባቡር ሙዚየሞች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ዓመቱን ስሰማ ደነገጥኩ። የአድዋ ዓመት ነው። እኛ ገና አንድ ሜትር ሐዲድ ሳንዘረጋ እነሱ ስላረጁት ባቡሮቻቸው ተጨንቀው መሰብሰብ ጀምረዋል። የመጀመሪያው መስመራቸው ከተከፈተ 42 ዓመት ብቻ ነበር። አያቶቹ በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ኦስሎ የጣቢያውን ቤት ለሌላ ጉዳይ ስትሰጥ ታሪኩ ሜዳ ላይ አልተጣለም፤ ቀድሞ የተሰናዳለት ቤት ነበረው። ስለ አዲስ አበባው አሮጌ ጣቢያ፣ ስለ ለገሃር፣ የማስበው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የኖቤል ማዕከሉን ሲያይ አልፎት የማይሄደውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 የሰላም ሽልማቱ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጠ፤ ምክንያቱም በተለይ ከኤርትራ ጋር የነበረውን የድንበር ግጭት ለመፍታት የወሰዱት ርምጃ ነበር። ሥነ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ማዘጋጃ ቤት ተከናወነ። የዚያ ዓመት የማዕከሉ ኤግዚቢሽንም ስለ ኢትዮጵያ ነበር። ዓመት ሳይሞላ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የኖቤል ኮሚቴው ራሱ ወጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደ ሰላም ተሸላሚነታቸው ግጭቱን የማስቆም ልዩ ኃላፊነት አለባቸው አለ። በዚያ ቤት ውስጥ የቆመ የአገሬ ሰው ስለ ሞቱት ሳያስብ አንድ ክፍል ማለፍ አይችልም። እኔም አልቻልኩም። አዛውንቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ።

ከዚያ ቤት ስንወጣ ጨዋታው ወደ ለገሃር ገባ። ስሙን ራሱን እንይ። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ጣቢያው ማለት ነው። ሕዝቡ በአፉ አላመጠውና ለገሃር አለው፤ ስሙን ከጣቢያው አልፎ ለሰፈሩ ሁሉ ሰጠው። አጠገቡ ያለው ምግብና ጭፈራ ቤት ቡፌ ደላጋር ነበር። ድርጅቱንም ቢሆን አያቶቻችን ከ«ሽማን ደ ፌር» አምጥተው ሸምንደፈር ይሉት ነበር። አንድ የባቡር መስመር በአንድ ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ይህን ያህል ሲቀመጥ፣ ስለዚያ መስመር የሚናገር ቤት ከተማው ውስጥ መጉደሉ ያሳዝናል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ የተራራው ወጪ ስለከበደ ሐረርን በግርጌዋ ትቶ ሜዳው ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1902 ማለቂያ ባቡሩ የቆመበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ መጀመሪያ የተሰጠው ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ኢትዮጵያ በተፈራረሙት ውል ውስጥ ባቡሩ አንድ ዋና ጉዳይ ሆኖ ገባ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917፣ በእኛ 1909 ዓ.ም. ነው። ለሃያ ዓመት የተጎተተ ሥራ ነው። ሲያልቅ ግን ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን፣ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን መንገድ በቀናት አደረገው። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ ያለው አሮጌ ሆቴል የዚያ ዘመን ማደሪያ ነው።

ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ቤት የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ማለቂያ፣ በ1922 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከአውሮፓ የመጡት እንግዶች በዚሁ በር ገቡ። ለንግሡ ተብሎም ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው የይሁዳ አንበሳ ፊት ለፊቱ ቆመ።

አምስት ዓመት ተኩል አልፎ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. እኒያው ንጉሠ ነገሥት ከቤተሰባቸው ጋር በባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አንበሳውም ተነቅሎ ሮም ተወሰደ። የተተከለውም፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በዶጋሊ ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች በቆመው ሐውልት ሥር ነበር። ዶጋሊ ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ያሸነፉበት ቦታ ነው። ከአንድ ጣቢያ ተነቅሎ ሌላ ጣቢያ አጠገብ ለመበቀያ ተተከለ ማለት ነው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በጣሊያኖች ላይ ጎራዴ የመዘዘው በዚያ አንበሳ ፊት ነው፤ ወደ አገሩ ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ተመለሰ። አዛውንቱ ነብሩ አጠገብ ቆመው «እኛ አንበሳ» ሲሉ ይህን ሁሉ ማለታቸው ነበር።

ኦስሎም እንዲህ ያለ ሐውልት አላት። ከምሥራቁ ጣቢያ አጠገብ አንድ መዶሻ የናዚን መስቀል ሲሰባብር የሚያሳይ ሐውልት እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2015 ተመርቋል። የቆመው በናዚ ወረራ ዘመን በባቡርና በሌላም ላይ የአሻጥር ጥቃት ይፈጽሙ ለነበሩት፣ የኦስቫልድ ቡድን ለሚባሉት አርበኞች ነው። ጦርነቱ ካለቀ 70 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ስማቸው እንዲህ በአደባባይ ሳይከበር ቆይቷል፤ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ኮሚኒስቶች ስለነበሩ ነው። ሐዲድ ያፈነዳ ሰው ጣቢያው በር ላይ ሐውልት ሲቆምለት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጣቢያው ያሳለፈውን ክፉ ቀን አልደበቀም።

የእኛም ጣቢያ ክፉ ቀን አለው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድዩ መታጠፊያ ላይ ሸርተት ብሎ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት ነው። አገሩ በረሃብ በሚያልቅበት ዘመን ስለደረሰ ሐዘኑ በሌላ ሐዘን ተሸፈነ። አዛውንቱ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ድሬዳዋ ውስጥ የዚያን ቀን ለቅሶ ያልደረሰ ቤት የለም ይላሉ። የለገሃር ሙዚየም ቢኖር አንድ ግድግዳ ለእነዚህ ሰዎች ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። የድሮ ጣቢያን ወደ ሙዚየም መለወጥ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ መንገዱ ግን ሁለት ነው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተውን የኦርሴ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1986 የሥነ ጥበብ ሙዚየም አደረገችው። ቤቱ ዳነ፤ ዛሬ ሰው የሚሄደው ሥዕሉን ለማየት ነው። ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ1880 የተከፈተውን ዴሊሲያስ የተባለ ጣቢያዋን እ.ኤ.አ. በ1984 የባቡር ሙዚየም አደረገች። እዚያ ባቡሮቹ በራሳቸው መድረክ ዳር ቆመዋል። ኦስሎ የፓሪስን መንገድ ወሰደች፤ ሐማር ስለነበረች ወቀሳ የለባትም። አዲስ አበባ ግን ሐማር የላትም። ለገሃርን ለሌላ ጉዳይ ሰጥታ ታሪኩን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ ብትል ሌላው ቦታ የለም። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነን የማድሪድ መንገድ ነው።

ጎረቤታችን ናይሮቢ ደግሞ ከዴሊሲያስ ሙዚየምም ቀድማለች። የባቡር ሙዚየሟ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አንበሳ ገብቶ ሰው የጎተተበት ፉርጎ ሳይቀር እዚያ ተቀምጧል። የሚያስቀናው ሀብቱ አይደለም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ባቡር ሰዎች ሥራ ላይ ሳሉ ስለ ራሳቸው ሥራ መሰብሰብ መጀመራቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ የኤርትራ ነገር ነው። ከምፅዋ አሥመራ የሚወጣው መስመር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ሄዶ ነበር። ነጻነት ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደገና ለመገንባት ሲወሰን ሥራው ለውጭ ኩባንያ አልተሰጠም። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ ሰባና ከዚያ በላይ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች፣ ተጠርተው መጡ። የተነቀለውን ሐዲድ ለቃቅመው፣ አሮጌውን የእንፋሎት ባቡር ፈታተው ገጥመው፣ ወጣቶቹን እያስተማሩ አሥመራ አደረሱት። ያን ሥራ የሠራው መጽሐፍ አይደለም። በእነዚያ ሰዎች እጅ ውስጥ ያለ ዕውቀት ነው። አሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ማን ይሠራው ነበር?

የእኛም ሽማግሌዎች አሁን ያሉት እዚያው ዕድሜ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው አሮጌ ባቡር ከቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሰፊ ሐዲድ ነው፤ ለቡ ፉሪ ጣቢያው ከለገሃር ርቆ በከተማው ዳር ነው፤ አሠልጣኙም መሣሪያውም ሌላ ነው። የአሮጌው ባቡር ዕውቀት ወደ አዲሱ አልተሸጋገረም፤ ሊሸጋገርም አያስፈልገው ይሆናል። ግን የእንፋሎት ድስቱን ያነደደ፣ የዲዝሉን ሞተር በጆሮው አዳምጦ የትኛው ቫልቭ እንደታመመ የሚያውቅ፣ ትኬት የበሳ፣ ሐዲድ የቀየረ፣ ባንዲራ ያውለበለበ ሰው ከቤቱ ተቀምጧል። ሽማግሌ ሳይናገር ሲሄድ መጽሐፍ ተቃጠለ ማለት ነው፤ የባቡሩ ሰው ሲሄድ ደግሞ የመሣሪያው ቋንቋም አብሮ ይሄዳል።

ይህን የምለው የአዛውንቱን ጨዋታ ሰምቼ ነው። አባታቸው ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ሠርተዋል። ያ ወርክሾፕ ባቡር ከመጠገን አልፎ ዕቃ እየቀረጸ የሚያወጣ ትልቅ ቤት ነበር። ሠራተኛው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ የሚናገር ነው፤ ከግሪኩና ከአርመኑም ጋር አብሮ ይውላል። የመሣሪያው ስም ግን ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ አንድ ኦሮሞና አንድ ሶማሌ መፍቻ ሲቀባበሉ ሦስተኛ ቋንቋ ይናገራሉ። በቤት ውስጥ እናቶች ሰዓት የሚያውቁት በባቡሩ ፉጨት ነበር። ባቡሩ ሲገባ ሴቶቹ ነጋዴዎች ጨርቅና ቴምር ይዘው ይወርዳሉ፤ ሌላው ደግሞ ጫት ጭኖ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ከዚራ የተሠራው ለባቡር ሰዎች ነው፤ የጥላ ዛፍ ያለበት ቀጥ ያለ መንገድ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ቬስትባነን ጓሮ በቀዝቃዛው ነፋስ ቆመን ነበር። እሳቸው ግን ድሬዳዋ ነበሩ።

ይህ ነው የለገሃር ሙዚየም ጽሑፍ መሆን ያለበት። የአፄ ምኒልክና የኢልግ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ይገባዋል። ነገር ግን ጎብኚው የሚፈልገው ያ ፎቶ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሐዲዱን ያዘረጉት ሲታወቁ ሐዲዱን ያነጠፉት፣ በንዳድ የሞቱት፣ ድንጋይ የፈለጡት አይታወቁም። ባቡሩ በገባበት የኢሳና የአፋር ምድር የነበረው ግጭት መነገር አለበት። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያሉት ጣቢያዎች፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ አዋሽ፣ ሜኤሶ፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ እያንዳንዳቸው እንዴት ከተማ እንደሆኑ በአንድ ካርታ ላይ መታየት አለበት። ጅቡቲም የዚሁ ሙዚየም ግማሽ ናት፤ ሐዲዱ የሁለት አገር ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር ትልቅ ግንባታ ሲጀመር የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። ሥራው 36 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን የሚገነባው የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ነው። ፎቅ ሲሠራ እሰየው፤ ከተማ ሳይገነባ አይኖርም። ነገር ግን ኦስሎን ያየሁበት ዓይን ስጋት ሰጠኝ። ቬስትባነን ውስጥ የቤቱ ፊት ድኖ ሐዲዱ ጠፍቷል፣ የሰዎቹ ታሪክ ሌላ ከተማ ሄዷል። የእኛ ጣቢያ የፎቆች መሀል ጌጥ ሆኖ፣ ውስጡ ቡና የሚጠጣበት አዳራሽ ቢሆን፣ ቤቱ ዳነ ብለን እናጨበጭብ ይሆናል። እኔ አላጨበጭብም። ከጓሮው ያለው የመንገደኛ መድረክ፣ ቢያንስ መቶ ሜትር ሐዲድ፣ አንድ ባቡርና ጥቂት ፉርጎዎች በቦታቸው ካልቀሩ ያ ቤት ጣቢያ መሆኑን ልጆቻችን የሚያውቁት ከስሙ ብቻ ይሆናል። ድሬዳዋ ደግሞ ቤቱም፣ ወርክሾፑም፣ አሮጌዎቹ መሣሪያዎችም በቦታቸው ስላሉ ዕድሏ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ዋናው ሙዚየም እዚያ ቢሆን፣ ለገሃር ደግሞ በሩ ቢሆን እመርጣለሁ። አንበሳው ደግሞ ከጣቢያው ሳይለይ።

ሌላም ልጨምር። እዚሁ ኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር፣ በድሮ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ባህሎች መገናኘት የሚናገር የኦስሎ ሙዚየም ክፍል አለ። ከተማዋ ከውጭ የመጣውን ሰው የራሷ ታሪክ አድርጋ መዝግባዋለች። ግሪኮቹ፣ አርመኖቹ፣ የመኖቹ፣ ሕንዶቹ፣ ፈረንሳዮቹ በባቡሩ መጥተው ድሬዳዋና አዲስ አበባ የኖሩ ስለሆኑ እነሱንም መመዝገብ ያለበት የለገሃር ቤት ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በአዲስ አበባም፣ በድሬዳዋም፣ በጅቡቲም፣ ከዚህ በስካንዲኔቪያም ያላችሁ የባቡር ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የአባታችሁን የሥራ መታወቂያ፣ ፉጨት፣ ፋኖስ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ቆብ፣ የተበሳ ትኬት፣ በጣቢያ በር ላይ የተነሡትን ፎቶ አትጣሉ። ጀርባው ላይ ስማቸውንና ዓመቱን ጻፉበት። በሕይወት ያሉ ካሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የመሣሪያውን ስም እንዴት ይሉት እንደነበር ጠይቋቸው። የምድር ባቡር ኃላፊዎች ሆይ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉትን የሠራተኛ መዝገቦች አይጥ ሳይበላቸው፣ ውሃ ሳይነካቸው ይቀዱ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደ ድሬዳዋ ይላኩ።

ከቬስትባነን ስንመለስ አዛውንቱ ኪሳቸው ውስጥ የያዙትን አወጡልኝ። የአባታቸው የናስ ቁልፍ ነው፤ ከሥራ ልብሳቸው የተነጨ፣ መሃሉ ላይ የፈረንሳይኛ ፊደላት የተቀረጹበት። ከ40 ዓመት በላይ አብሯቸው ነው። ለማን እንደሚሰጡት እስካሁን አልወሰኑም።